ኢንጂኑ እንዴት ያስባል? የቼዝ ሶፍትዌርን አሠራሩን አውቆ መጠቀም

ጄኔቫ ባስቲዮን ፓርክ መግቢያ አካባቢ መሬት ላይ የተሳሉ ትላልቅ የቼዝ ሰሌዳዎች አሉ። ጠጠር ለማንቀሳቀስ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ያስፈልጋል። ዙሪክም የሊማትን ወንዝ ቁልቁል በሚያየው የሊንደንሆፍ አደባባይ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ተመሳሳይ ሰሌዳዎች ተዘርግተዋል። በሁለቱም ቦታ ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ ምክር አለው፤ «ፈረሱን አውጣ»፣ «ግንቡን ጠብቅ» ይላል።

ከእነዚያ ተመልካቾች የማንኛውም ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ ነፃ የቼዝ ፕሮግራም ከተጫነበት፣ የዓለም ሻምፒዮኑን ያሸንፋል። በ1997 የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 የረታው የአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝንና በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቋም የሚመረምር ማሽን ነበር። ዛሬ ስቶክፊሽ የሚባለው ፕሮግራም ስልክ ላይ ሆኖ፣ ከዚያ እጅግ ያነሰ አቋም እያየ፣ ከዲፕ ብሉ የተሻለ ይጫወታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ይህን የመሰለ አስተማሪ በነፃ እያለ፣ ብዙ ተጫዋች ለዓመታት እዚያው ባለበት የሚረግጠው ለምንድን ነው? ሶፍትዌሩን እንደ መልስ መስጫ ስለምንጠቀምበት ይመስለኛል። ጨዋታው እንዳለቀ ትንተናውን እንከፍታለን፣ ቀይ ምልክት ያረፈበትን እርምጃ እናያለን፣ ትክክለኛውን እናነባለን፣ እንዘጋለን። በነጋታው ያው ስህተት ይደገማል። ተጫዋቾች «ኢንጂን» የሚሉት የሶፍትዌሩ አንጎል ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ስናውቅ ግን የሚሻለው አጠቃቀም ራሱ ይገለጥልናል። ስለዚህ ከውስጡ እንጀምር።

ዛፉ

ነጭ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲጫወት 20 ምርጫ አለው። ስምንቱ ወታደሮች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ቤት መሄድ ይችላሉ፤ ሁለቱ ፈረሶችም እያንዳንዳቸው ሁለት ቤት ይደርሳሉ። ጥቁርም ለእያንዳንዱ 20 መልስ ስላለው ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ 400 መንገድ ተከፍቷል። ነጭ ሁለተኛውን ሲጨምር 8,902፣ ጥቁር ሲመልስ 197,281 ይሆናል። ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ተጫውተው ሲጨርሱ መንገዶቹ ከ119 ሚሊዮን ያልፋሉ። ከአንድ ግንድ ተነሥቶ በየእርምጃው የሚከፋፈለውን ይህን ሁሉ መንገድ የሙያው ሰዎች ዛፍ ይሉታል። ኢንጂን ማለት በመሠረቱ ይህን ዛፍ የሚወጣና የሚወርድ ፕሮግራም ነው።

ዛፉን በሒሳብ ዓይን መጀመሪያ ካዩት ሰዎች አንዱ የነበረው ዙሪክ ነው። ኤርንስት ዜርሜሎ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሳሉ በ1913 ስለ ቼዝ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ሐሳብ የሚለው ይህን ነው፦ ከሦስቱ አንዱ የግድ እውነት ነው፤ ወይ ነጭ ምንም ቢመጣበት የሚያሸንፍበት መንገድ አለው፣ ወይ ጥቁር አለው፣ ወይ ሁለቱም ቢያንስ አቻ የመውጣት መንገድ አላቸው። ሦስተኛው ይሆናል ብለው የሚገምቱ ብዙ ናቸው፤ ያረጋገጠ ግን እስካሁን የለም፤ ዛፉ ለማንኛውም ማሽን በጣም ትልቅ ነውና።

ማሽኑም ቢሆን ወደ ዙሪክ መጣ። ጀርመናዊው ኮንራድ ዙሴ የቼዝን ሕግ በፕሮግራም ቋንቋ ለመጻፍ ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። የሠሩት ዜድ4 የተባለው ኮምፒውተር በ1950 ዙሪክ ለሚገኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢቴሃ ለሚባለው፣ ተከራይቶ እስከ 1955 እዚያው ሠራ። አንድ ማባዛት ለመሥራት ሰከንዶች ይፈጅበት ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን ለአንድ አቋም አንድ ሰከንድ ብቻ ቢበቃው እንኳ፣ እነዚያን 119 ሚሊዮን መንገዶች ለመጨረስ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ያስፈልገው ነበር። ያ ሁሉ የሦስት የሦስት እርምጃ ሒሳብ ነው። ችግሩ የሚፈታው በፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ዛፉ የሚቆመው በተራ መጫወት ላይ መሆኑንም ልብ እንበል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሁለቱም ወገኖች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፤ ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ ታሪክና ሕግ በ1971 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጨዋታ በዝርዝር አስቀምጠውታል። ለኢንጂን ሰንጠረዥን እናስተምር ብንል ወረራው ላይ እንቸገራለን፤ «እኔ ይህን ስጫወት እሱ ምን ይመልሳል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው ተራ ሲኖር ነውና። የዛሬው ኢንጂን ኃይል ሁሉ የተሠራው በዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ነው።

ቅርንጫፍ መቁረጥ

ኢንጂኑ ዛፉን ሁሉ አያይም። አብዛኛውን ሳያይ ይቆርጠዋል፤ ቆርጦም አይሳሳትም። እንዴት?

ሦስት መሶብ ቀርቦልናል እንበል። መሶቡን የምንመርጠው እኛ ነን፤ ከመረጥነው መሶብ ውስጥ የምንበላውን የሚያነሣልን ግን መጥፎውን ሊሰጠን የሚፈልግ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ከፍተን ዶሮ፣ ጥብስና ሽሮ አየን። ከዚህ መሶብ የሚደርሰን ሽሮ ነው። ሁለተኛውን ስንከፍት መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው ደረቅ ቂጣ ላይ ቢሆን የቀረውን ማየት አያስፈልገንም። ከሥሩ ክትፎ ቢኖርም አይደርሰንም፤ የሚሰጠን ቂጣውን ወይም ከቂጣው የባሰውን ነው። መሶቡን ከድነን ወደ ሦስተኛው እንሄዳለን።

ኢንጂኑ በትክክል ይህን ነው የሚያደርገው። አንድ እርምጃ ሲያስብ ያንን እርምጃ የሚያበላሽ አንድ የተቃዋሚ መልስ ካገኘ በቂው ነው፤ ሌሎቹን መልሶች አይመረምርም። ይህ ዘዴ አልፋ ቤታ ይባላል። መልካም መልሶችን አስቀድሞ ለማየት ሲታደል የሥራው ብዛት በግምት ወደ ስኩዌር ሩቱ ይወርዳል፤ ማለትም በአንድ ሚሊዮን ፈንታ አንድ ሺህ አካባቢ ያያል። ለዚህ ሲል ኢንጂኑ በየአቋሙ መጀመሪያ የሚሞክረው ጠጠር የሚበሉ እርምጃዎችንና ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ጥሩ ሆነው የተገኙትን ነው።

ለእኛ የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ልንጫወት ስናስብ «ይህ ምን ጥቅም አለው?» ብለን ብዙ እንቆያለን። ኢንጂኑ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን የሚያፈርሰው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ቼክ አለ? የሚበላ አለ? ቀጥሎ የሚያሰጋ አለ? ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ከተቃዋሚው ወንበር ሆኖ ማየት ጠጠር በነፃ ከማስበላት ያድናል። የጀማሪና የመካከለኛ ተጫዋች ጨዋታ በአብዛኛው የሚወሰነው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ዛፉ ሲቆም

ቅርንጫፉ ቢቆረጥም ዛፉ እስከ ጨዋታው መጨረሻ አይደርስም። አንድ ቦታ ላይ መቆምና «ይህ አቋም ለማን ይሻላል?» ብሎ መገመት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተሙት ጽሑፍ ግምቱ ከምን እንደሚጀምር አሳዩ፦ ንግሥት 9፣ ግንብ 5፣ ጳጳስና ፈረስ 3 3፣ ወታደር 1። በዚያ ላይ የተደራረበ ወታደር ሲኖር ይቀነሳል፣ ጠጠሮች የሚንቀሳቀሱበት ቤት ሲበዛ ይጨመራል፤ ወዘተ። እነዚህ ዋጋዎች የጠጠሮቹን አካሄድ ይከተላሉ። በሰንጠረዣችን በንግሥቷ ቦታ የቆመው ፈርዝ የሚሄደው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ 9 ሊሰጠው አይችልም፤ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል።

ለብዙ ዓመታት ኢንጂኖች የሚገምቱት ሰዎች በጻፉላቸው እንዲህ ባሉ ደንቦች ነበር። በ2008 የወጣው ስቶክፊሽም በዚህ መንገድ አደገ። በ2020 የወጣው 12ኛው እትሙ ግን ትንሽ የነርቭ መረብ ጨመረ። ሐሳቡን ያመነጩት ጃፓናዊው ዩ ናሱ ሲሆኑ በ2018 ያቀረቡት ለጃፓን ቼዝ፣ ለሾጊ፣ ነበር። መረቡ እጅግ ብዙ አቋሞችን ከነውጤታቸው አይቶ መገመትን ይማራል። ብልሃቱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ሰሌዳው ላይ የሚለውጠው አንድ ወይም ሁለት ጠጠር ስለሆነ፣ መረቡም ሒሳቡን ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ የተለወጠውን ብቻ ያስተካክላል። ተራ ስልክ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው ለዚህ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። መቁጠር በጠጠር ልውውጥ መሀል ከቆመ ግምቱ ይሳሳታል። ንግሥቴ ወታደር በላች ብሎ እዚያ ላይ የሚያቆም ፕሮግራም አንድ ወታደር አተረፍኩ ይላል፤ ቀጣዩ እርምጃ ንግሥቷን የሚያስበላ መሆኑን አላየምና። ኢንጂኖች ይህን የሚያመልጡት መብላቱ ሁሉ አልቆ አቋሙ እስኪረጋጋ ድረስ ቅርንጫፉን በማስረዘም ነው። የብዙዎቻችን ስሌት ከሽፎ የሚቀረውም እዚሁ ነው፤ «ይበላኛል፣ እበላዋለሁ» ብለን አንድ መብላት ሲቀር እናቆማለን። ሁለተኛው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፦ የሚበላ ነገር እስካለ ድረስ መቁጠር አይቆምም።

ቁጥሩን ማንበብ

ስክሪኑ ላይ +0.3፣ -1.2፣ +4.0 የሚሉ ቁጥሮች እናያለን። የመደመር ምልክቱ ነጭ ይሻላል፣ የመቀነስ ምልክቱ ጥቁር ይሻላል ማለት ነው። ብዙ ሰው 1.0 ሲያይ አንድ ወታደር ተርፏል ብሎ ያነበዋል፤ መነሻውም ያ ነበር። በ2022 መጨረሻ ከወጣው የስቶክፊሽ 15.1 እትም ጀምሮ ግን ቁጥሩ በሌላ ሚዛን ተስተካክሏል፤ +1.0 ማለት ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ከዚያ አቋም ቢጫወት ነጭ የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ነው። ቀሪው በአብዛኛው አቻ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቁጥሩ የሚናገረው ሁለት ኢንጂኖች ቢጫወቱት ስለሚሆነው ነው፤ በሰዎች ጨዋታ +1.0 ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሁለተኛ፣ በ+0.1ና በ+0.4 መካከል ያለው ልዩነት ለክለብ ተጫዋች የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ጊዜያችንን ከፍ ያለ ዝላይ ለታየባቸው እርምጃዎች እናድርገው። ሦስተኛ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ጥልቀት የሚል አለ፤ ዛፉ ስንት እርምጃ ድረስ እንደታየ ይናገራል። ጥልቀቱ ገና ትንሽ ሳለ የመጀመሪያው ምርጫ ይለዋወጣል፤ ትንሽ ጠብቆ ማንበብ ይበጃል።

ኢንጂኑ አንድ መስመር ብቻ ሳይሆን ሦስት ምርጥ መስመሮች እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ቅንብር መልመድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሦስቱ ቁጥሮች የተቀራረቡ ከሆኑ አቋሙ ብዙ መንገድ አለው፤ የሚስማማንን መምረጥ እንችላለን። የመጀመሪያው +2.0 ሆኖ ሁለተኛው 0.0 ከሆነ ግን እዚያ ቦታ አንድ ብቻ የሚያድን ወይም የሚያሸንፍ እርምጃ አለ። ልናጠናው የሚገባን አቋም እሱ ነው።

መልሱ የታወቀበት መጨረሻ

ሰሌዳው ላይ ንጉሦቹን ጨምሮ ሰባት ወይም ከዚያ በታች ጠጠር ሲቀር ግምት ያከትማል። ለእነዚህ አቋሞች በሙሉ መልሱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየተሠራ ተመዝግቧል፤ መጀመሪያ ማት የሆኑት፣ ከዚያ በአንድ እርምጃ ማት የሚደርሱት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሮናልድ ደ ማን የጀመሩት ሲዚጂ የተባለው መዝገብ በ2018 የሰባት ጠጠሩን አጠናቋል። ዜርሜሎ ለጠቅላላው ጨዋታ ያሰቡት ዓይነት መልስ ቢያንስ ለዚህ ማዕዘን ተገኘ ማለት ነው።

መዝገቦቹ ለዘመናት የታመነ ነገር ጭምር ቀይረዋል። ሁለት ጳጳስ በአንድ ፈረስ ላይ፣ ተከላካዩ ጥሩ ምሽግ ካገኘ፣ አቻ ነው ይባል ነበር። ኬን ቶምፕሰን በ1983 በኮምፒውተር ሲያሰሉት ተከላካዩ በአብዛኛው የሚሸነፍ መሆኑ ታየ፤ አንዳንዴ እስከ 66 እርምጃ ቢፈጅም። በሰባት ጠጠር ደግሞ ማት ለማድረስ 549 እርምጃ የሚጠይቅ አቋም ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ሰው አይማረውም። የሚማረው ቀላሉን ነው።

አንዱን አሁኑኑ እንሞክር። የነጭ ንጉሥ ኢ5፣ የነጭ ወታደር ኢ4፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ7 ላይ አስቀምጡ። ሌላ ጠጠር የለም። ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል፤ ተራው የነጭ ከሆነ አቻ ነው። ሰሌዳው ያው፣ ጠጠሮቹ ያው፤ የተለየው ተራው ብቻ ነው። ጥቁር መንቀሳቀስ ግድ ሲሆንበት ንጉሡ ወደ አንዱ ጎን ይሸሻል፤ የነጭ ንጉሥም በሌላው ጎን አልፎ ለወታደሩ መንገድ ይጠርጋል። ነጭ መንቀሳቀስ ሲኖርበት ግን ጥቁር በየሄደበት ፊት ለፊት እየቆመ ያግደዋል። ሊቼስ በተባለው ነፃ የቼዝ ድረ ገጽ ላይ አቋሙን ሠርታችሁ ተራውን ብትቀያይሩ መዝገቡ ውጤቱን ወዲያው ይነግራችኋል። ከዚያ ኢንጂኑን በጥቁር አስቀምጣችሁ አሸንፉት፤ ቀጥሎ እናንተ ጥቁር ሆናችሁ አቻ ውጡ። በሁለቱም ወገን ተጫውታችሁ የተማራችሁት መጨረሻ አይረሳም።

የሩሶ ትምህርት

ጄኔቫ የወለደችው ፈላስፋ ዣን ዣክ ሩሶ ቼዝ የተማረው ሻምቤሪ ሳለ፣ ከአንድ የጄኔቫ ሰው ነው። በ«ኑዛዜዎች» መጽሐፉ እንደሚተርከው ጨዋታው እንደ እሳት ያዘው። ሰሌዳ ገዛ፣ ካላብሪያዊው የሚባለውን የጣሊያናዊውን የግሬኮን መጽሐፍ ገዛ፣ ክፍሉን ዘግቶ ቀንና ሌሊት ጨዋታዎቹን በቃሉ ሊይዝ ታገለ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ከስቶ ገርጥቶ ወደ ቡና ቤት ወጣ፤ ያንኑ ሰው ገጠመ፤ ደጋግሞም ተሸነፈ። ያጠናቸው መስመሮች ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ተደባልቀውበት ነበር። ኋላም የፊሊዶርን ወይም የስታማን የቼዝ መጽሐፍ ይዞ ለማጥናት በሞከረ ቁጥር ያው እንደደረሰበት ይናገራል።

ይህን ታሪክ የዛሬ የቼዝ ተማሪ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሩሶ ትጋትም ማስተዋልም አልጎደለውም። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ መጽሐፉ የሚያሳየው የተጫወቱትን ብቻ ነው። «እዚህ ጋ ይህን ባልጫወት፣ ያንን ብጫወትስ?» ቢለው መጽሐፉ አይመልስም። መልስ ያላገኘ ጥያቄ እየበዛ ሲሄድ መስመሩ ያለ ምክንያት የሚታወስ ዝርዝር ብቻ ይሆናል፤ ያለ ምክንያት የተያዘ ዝርዝር ደግሞ ተቃዋሚው አንድ እርምጃ ሲቀይር ይበተናል።

የኢንጂኑ እውነተኛ ስጦታ እዚህ ላይ ነው። ኢንጂኑ «ያንን ብጫወትስ?» ለሚለው ለማንኛውም ጥያቄ፣ ስንት ጊዜም ብንጠይቀው፣ የሚያፈርሰውን መልስ ያሳየናል። ከላይ እንዳየነው የተሠራውም ለማፍረስ ነው። እኛ ግን ይህን ኃይሉን ትተን ምርጡን መስመር ብቻ እየገለበጥን ስናነብ፣ ዘመናዊውን መሣሪያ ወደ ሩሶ መጽሐፍ እንመልሰዋለን።

ጠረጴዛው ላይ

እንግዲህ አንድ ጨዋታ ጨርሳችኋል እንበል። ኢንጂኑን አትክፈቱ። መጀመሪያ ራሳችሁ ጨዋታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፉት፤ ሦስት ቦታ ላይ ቆማችሁ ጻፉ። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ ያሰባችሁበት። ሁለተኛ፣ የተቃዋሚያችሁ እርምጃ ያስደነገጣችሁበት። ሦስተኛ፣ ዕቅዳችሁን የቀየራችሁበት። በየቦታው ያያችሁትን መስመርና አቋሙ ለማን እንደሚሻል ግምታችሁን አስቀምጡ። በአማርኛ ጻፉት፤ በቀለለን ቋንቋ ስንጽፍ ሐሳባችን የት እንደተንሸዋረረ ቶሎ ይታየናል።

ከዚያ ኢንጂኑን በሦስት መስመር ክፈቱ። እርምጃችሁን ስህተት ካለው ትክክለኛውን ለማወቅ አትቸኩሉ። የራሳችሁን እርምጃ ተጫወቱና የሚያፈርሰውን መልስ ተመልከቱ። መልሱ ካልገባችሁ የምታምኑበትን መከላከያ ተጫወቱበት፤ ኢንጂኑ ይመልስላችኋል። በጥያቄ እያሳደዳችሁ «አሃ፣ ለካ ግንቤ ጠባቂ አልነበረውም» የምትሉበት ደረጃ ድረሱ። የተሻለውን እርምጃ የምትፈልጉት ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱንም መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ። ሊቼስ ላይ የኮምፒውተር ትንተና ካስደረጋችሁ በኋላ ከስህተቶቻችሁ እንድትማሩ የሚያደርግ ክፍል አለ፤ ወደ ተሳሳታችሁበት አቋም መልሶ የተሻለውን እንድታገኙ ይጠይቃችኋል። ሊቼስ ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ በ2010 የጀመረው፣ በሰዎች ድጎማ የሚኖር ነፃ መድረክ ነው፤ ይህ ሁሉ ክፍያ የለውም።

በመጨረሻ ስህተቱን በስሙ ጥሩት፦ የተቃዋሚን ዛቻ አለማየት፣ አይቶ በስሌት መሳሳት፣ ስሌቱን በመብላት መሀል ማቆም፣ የጊዜ እጥረት፣ መጨረሻውን አለማወቅ። ከጥቂት ጨዋታዎች በኋላ አንዱ ስም ደጋግሞ ይመጣል። ቀጣዩን የልምምድ ጊዜያችሁን በሙሉ ለእሱ ስጡት። ዛቻ የማታዩ ከሆነ የመክፈቻ መስመር መጨመር አይፈውሳችሁም።

ከታላላቆች ጨዋታም በዚሁ መንገድ ይማራል። በ1953 ኖይሃውዘን ተጀምሮ ዙሪክ በተጠናቀቀው፣ ቫሲሊ ስሚስሎቭ ባሸነፉት የዓለም ሻምፒዮና ተፎካካሪዎች ውድድር ላይ ዩሪ አቬርባክና አሌክሳንደር ኮቶቭ ተገናኙ። በ30ኛው እርምጃ ጥቁር የያዙት ኮቶቭ ንግሥታቸውን ኤች3 ላይ ላለ አንድ ወታደር ሰጡ። ንጉሡ በላት። ግንቡ ኤች6 ላይ ቼክ አለ፤ ንጉሡ ወደ ጂ4 ወጣ። ፈረሱ ኤፍ6 ላይ ቼክ አለ፤ ንጉሡ ኤፍ5 ደረሰ፤ በጠላት ሠራዊት መሀል፣ ወደ ቤቱ መመለሻ የሌለው ሆኖ። ዘጠኝ ሰጥቶ አንድ መቀበል በጠጠር ሒሳብ ኪሳራ ነው፤ ዛፉ ጠለቅ ሲል ግን ንጉሡ መውጫ እንደሌለው ይታያል። አቬርባክ 51ኛው እርምጃ ላይ እጅ ሰጡ።

ይህን ጨዋታ ስታጠኑ ንግሥቷ ልትሰጥ ስትል አቁሙትና ኢንጂኑን ዝጉ። የሚቻላችሁን ያህል ቁጠሩ። ከዚያ ነጭን ይዛችሁ ከኢንጂኑ ጋር ተጫወቱና ንጉሡን ለማዳን ሞክሩ። ይህ ማጥቃት ለምን እንደሠራ፣ በሌላ ጨዋታ የሚመስለው ለምን እንደማይሠራ፣ የሚገባችሁ እያንዳንዱን ማምለጫ ሞክራችሁ ሲዘጋባችሁ ነው። ኮቶቭ ራሳቸው ኋላ በጻፉትና በ1971 በእንግሊዝኛ በታተመው ስለ ታላቅ ተጫዋች አስተሳሰብ በሚያስተምረው መጽሐፍ፣ ዕጩ እርምጃዎችን ለይቶ ዛፉን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መመርመርን አስተምረዋል። ማሽን የሚሠራበትን መንገድ ሰው በሰው አቅም እንዲለማመደው ነው ያደረጉት።

የሚዘጋበት ጊዜ

ጨዋታ ላይ እያሉ ኢንጂን መክፈት ማታለል ነው፤ በኢንተርኔትም ሆነ በአካል። መቀመጫው ሎዛን የሆነው የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ በመጫወቻ ስፍራ ስልክ የተገኘበትን ተጫዋች በሽንፈት የሚቀጣ ሕግ አለው። ከሕጉም በላይ፣ በጨዋታ መሀል የተጠየቀ ኢንጂን ለጥናት የሚያስፈልገንን ብቸኛ ጥሬ ዕቃ ያጠፋብናል፤ የራሳችንን እውነተኛ ስህተት።

በውድድር ቀናትም መጠን ይኑረው። ዛሬ በዓለም ያሉ ክፍት ውድድሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙበትን፣ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸውን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የስዊስ አሰላለፍ በ1895 ዙሪክ ላይ መጀመሪያ በሥራ ያዋሉት ዶክተር ዩሊየስ ሙለር ናቸው። በዚህ አሰላለፍ ስታሸንፉ ቀጣዩ ተቃዋሚ ይከብዳል፣ ስትሸነፉ ይቀላል፤ ስለዚህ በየዙሩ የሚመጣባችሁ ለአቅማችሁ የሚመጥን ፈተና ነው። በዙሮች መካከል ረጅም ትንተና አትክፈቱ፤ ጨዋታውን መዝግባችሁ እረፉ፤ ሥራው ከውድድሩ በኋላ ይጀመር።

መሻሻላችሁን በምን ታውቃላችሁ? ኢንጂኑን ከመክፈታችሁ በፊት በጻፋችሁት ግምት ነው። ማን እንደሚሻልና የሚያፈርሰው መልስ የት እንዳለ ብዕራችሁ አስቀድሞ ጽፎት፣ ማሽኑ አዎን ብቻ የሚልበት ገጽ እየበዛ ሲሄድ፣ ዕውቀቱ ከስልኩ ወደ እናንተ ተሻግሯል። እዚያ ስትደርሱ ከበፊቱ ከባድ ተቃዋሚ ፈልጉና ማስታወሻውን ከአዲስ ገጽ ጀምሩ።